አዳር ያለው የኢንጂነሪንግ ሰመር ካምፕ ለሃይስኩል ተማሪ፦ ከመምረጥ እስከ መመለስ፣ ደረጃ በደረጃ

በየአመቱ ጃንዋሪ ሲመጣ አንድ አይነት ጥያቄ ይመጣልኛል፣ አንዳንዴ ከልጁ አብዛኛውን ጊዜ ግን ከእናት ወይ ከአባት፣ "የትኛው ካምፕ ነው ጥሩ?" ይሉኛል። እኔ በ16 አመቴ አንዱ ጋ ገብቼ ነበር፣ ከዛ ዩኒቨርሲቲ ስገባ ደሞ ሁለት ሰመር ካውንስለር (ልጆቹን ሚጠብቅና ሚያግዝ ሰራተኛ) ሆኜ ዶርም ውስጥ ከልጆቹ ጋር አድሬያለሁ፣ ስለዚህ ከሁለቱም ወገን አይቼዋለሁ። መልሴ ሁሌም ጥያቄ ነው፦ እዛ ካምፕ ልጁ አንድ ነገር ሰርቶ፣ ሲበላሽበት አይቶ፣ እንደገና ሚሰራበት ጊዜ ስንት ቀን ነው? የዩኒቨርሲቲው ስም፣ የድረገፁ ፎቶ፣ መጨረሻ ላይ ሚሰጠው ሰርተፊኬት ሁሉ ከዚህ በኋላ ሚመጣ ነው። ይሄን ይዛችሁ ቀጥሉ፣ ከታች ያለው ሁሉ ከዚህ ጥያቄ ነው ሚወጣው።

1. መጀመሪያ ምን አይነት ካምፕ እንዳለ እወቁ

ሁሉም "ሰመር ካምፕ" ይባላል እንጂ አንድ አይደሉም። አንድ ሳምንት ሚቆይ አለ፣ ስድስት ሳምንት ሚቆይ አለ። አጭሮቹ ባብዛኛው ማስቀመሻ ናቸው፣ ሰኞ ሲቪል፣ ማክሰኞ ኤሌክትሪካል፣ ረቡዕ ኬሚካል እያሉ ሁሉንም ያስነካሉ። ይሄ መጥፎ አይደለም፣ በተለይ ኢንጂነሪንግ ምን እንደሆነ ገና ላልገባው የ9ኛ ወይ የ10ኛ ክፍል ልጅ። አንድ ፕሮጀክት ላይ ተቀምጦ መታገል ለፈለገ ልጅ ግን አንድ ሳምንት አይበቃም፣ ሶስት ሳምንትና ከዛ በላይ ነው ሚያስፈልገው።

ምሳሌ ልስጣችሁ። አሜሪካ ውስጥ ኤምአይቲ ሚባለው ታዋቂ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ሚያካሂደው ማይትስ ሰመር ሚባል አለ፣ ስድስት ሳምንት ነው፣ 11ኛ ክፍልን ለሚጨርሱ ልጆች፣ ትምህርቱም ዶርሙም ምግቡም ነፃ ነው፣ ግን የአሜሪካ ዜግነት ወይ ግሪን ካርድ ይጠይቃል። አርኤስአይ ደሞ አለ፣ እሱ ከ1984 ጀምሮ ያለ ነው፣ የአሜሪካን ባህር ሃይል የኑክሌር ሰርጓጅ መርከብ ባለቤት ያደረገው አድሚራል ሪክኦቨር ባቋቋመው ድርጅት ስር ሚካሄድ፣ ስድስት ሳምንት እዛው ኤምአይቲ፣ በአመት ወደ 100 ልጅ ብቻ ነው ሚወስደው፣ እሱም ነፃ ነው፣ ከሌላ አገር የሚመጡ ልጆችንም ይቀበላል። እሱ ግን ከካምፕ ይልቅ ወደ ምርምር ያደላል፣ ከተመራማሪ ጋር አንድ ርእስ ይዘህ ፔፐር ፅፈህ ነው ምትወጣው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ኮስሞስ ሚባለው አራት ሳምንት ነው፣ በስቴቱ ዩኒቨርሲቲ ካምፓሶች ነው ሚካሄደው፣ ልጁ ሲያመለክት ክላስተር ሚሉትን አንድ የትምህርት መስክ መርጦ ወሩን ሙሉ እሱ ላይ ይቆያል። ካናዳ ውስጥ ሻድ አለ፣ ለ10ኛና 11ኛ ክፍል፣ አንድ ወር አካባቢ፣ ሳይንሱንና ኢንጂነሪንጉን ከንግድ ሃሳብ ጋር አቀላቅሎ፣ በቡድን አንድ የማህበረሰብ ችግር ተሰጥቷቸው መፍትሄ ሚነድፉበት ነው። እንግሊዝ ውስጥ ስሞልፒስ ትረስት ሚባለው በየዩኒቨርሲቲው አጫጭር አዳር ኮርሶች ያዘጋጃል።

እነዚህን ምሳሌ ብዬ ነው የጠራኋቸው፣ ዝርዝር ውስጥ ግቡ ለማለት አይደለም። ብዙ የስቴት ዩኒቨርሲቲዎች ስማቸው ማይጮህ የራሳቸው ካምፕ አላቸው፣ እንደውም አንዳንዶቹ ላብ (ላቦራቶሪ) ውስጥ ልጁን ከታዋቂዎቹ በላይ እጁን ያስገቡታል።

2. ሶስት ነገር ለዩ፦ ማን ነው ሚያካሂደው፣ ማን ነው ሚያድረው፣ ምን ይሰራል

ማን ነው ሚያካሂደው። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሸወዳል። ካምፑ "እገሌ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ" ስለተባለ የዩኒቨርሲቲው ነው ማለት አይደለም። በሰመር ዶርም ባዶ ስለሆነ ዩኒቨርሲቲዎች ክፍልና አዳራሽ ለግል ድርጅት ያከራያሉ፣ ድርጅቱ ደሞ የግቢውን ፎቶ ድረገፁ ላይ ለጥፎ ይሸጣል። አስተማሪው የዛ ዩኒቨርሲቲ ሰው ላይሆን ይችላል፣ ላቡንም ላትነኩት ትችላላችሁ። ማወቂያው ቀላል ነው፣ የዩኒቨርሲቲው የኢንጂነሪንግ ትምህርት ክፍል ገፅ ላይ ራሱ ካምፑ አለ ወይ ብላችሁ እዩ። ከሌለ ደውላችሁ ጠይቁ። ደሞ ድንገት በፖስታ "ልጅዎ በልዩ ሁኔታ ታጭቷል" ሚል ወፍራም ወረቀት፣ ወርቃማ ማህተም ምናምን ያለበት ከመጣላችሁ አትደንግጡ፣ ብዙውን ጊዜ ማስታወቂያ ነው። እኛም ቤት መጥቶ እናቴ ፍሬም ልታስገባው ነበር።

ይሄን ካነሳን አይቀር፣ ከፍለው ሚገቡበት ካምፕ ውስጥ መግባት ለዛው ዩኒቨርሲቲ መግቢያ በር አይከፍትም። ልጁ እዛ በሰራው ነገር ላይ ጥሩ አድርጎ ከፃፈ ፅሁፉ ሊረዳው ይችላል፣ የከፈላችሁበት ደረሰኝ ግን አይረዳውም።

ማን ነው ሚያድረው። ወላጆች ይሄን ለመጠየቅ አትፈሩ፣ ደህና ካምፕ ጥያቄው ደስ ይለዋል እንጂ አይከፋውም። ለስንት ልጅ አንድ ካውንስለር ነው? የአሜሪካ ካምፕ አሶሲዬሽን አዳር ካምፕ ላይ ከ15 እስከ 18 አመት ላሉ ለ10 ልጅ አንድ ሰራተኛ ይላል፣ ከ9 እስከ 14 ላሉት ደሞ ለ8 አንድ። ካውንስለሮቹ እዛው ፎቅ ላይ ነው ሚያድሩት ወይስ ሌላ ህንፃ? የወንጀል ማጣሪያ ተደርጎላቸዋል? መድሃኒት ሚወስድ ልጅ ማን ጋ ነው ሚያስቀምጠው? ማታ ከግቢ መውጣት ይቻላል? በስልክ ደውላችሁ ጠይቁና የሚመልሰው ሰው "እእ... አጣርቼ ልደውል" ካለ ችግር የለም፣ ካልደወለ ነው ችግሩ።

ምን ይሰራል። የአንድ ቀን ፕሮግራም ላኩልኝ በሏቸው። ጠዋት ሌክቸር፣ ከሰአት ጉብኝት፣ ማታ ፊልም ከሆነ ያ ሽርሽር ነው። ከሰአቱ በሙሉ ላብ ከሆነ፣ ማታም ላቡ ክፍት ሆኖ ሰው ሚጠብቀው ከሆነ፣ እሱ ነው። ከዛ ይሄን ጠይቁ፦ ፕሮጀክቱ መቼ ይጀመራል፣ መቼ ያልቃል? የሶስት ሳምንት ካምፕ ሆኖ ፕሮጀክቱ የመጨረሻዎቹ አራት ቀናት ብቻ ከሆነ አንዴ ሰርተህ አንዴ አቅርበህ መሄድ ነው፣ ሁለተኛ እድል የለም። እቃ ሲሰበር ምትክ አለ? ስሪዲ ፕሪንተሩ ስንት ነው ለስንት ልጅ? ይሄ ጥቃቅን ይመስላል ግን አንዲት ትንሽ የእቃ አካል ለማተም ሰአታት ይፈጃል፣ 40 ልጅ ሁለት ፕሪንተር ላይ ሲሰለፍ ሁለተኛ ዙር ማተም ህልም ነው ሚሆነው።

3. ካላንደሩ

በሰመር ስለሚካሄድ በስፕሪንግ እናስብበታለን ምትሉ ረፍዶባችኋል። ተፈላጊዎቹና ነፃዎቹ ማመልከቻ ሚዘጉት ባብዛኛው ከዲሴምበር እስከ ማርች ባለው ጊዜ ነው። ስለዚህ ኦክቶበር ላይ ዝርዝር ይውጣ፣ ኖቬምበር ላይ መምህር የድጋፍ ደብዳቤ (ሪኮመንዴሽን) ይጠየቅ፣ በእረፍቱ ኤሴይ፣ ማለትም ከማመልከቻው ጋር ሚገባው ፅሁፍ፣ ይፃፍ። ሁለት የሚያጓጓ፣ ሁለት መካከለኛ፣ አንድ ደሞ እርግጠኛ ሚሆኑበት ቢይዙ ይበቃል፣ 12 ቦታ አፕላይ አርጎ ሁሉንም በግማሽ ልብ ከመሙላት። የክፍል ደረጃውን በደንብ አንብቡ፣ "11ኛ ሚገባ" እና "11ኛ የጨረሰ" አንድ አይደለም፣ በዚህ ብቻ ሚጣል ማመልከቻ አይቻለሁ። አንዳንዶቹ እድሜም ይጠይቃሉ፣ 16 ያልሞላውን ላብ አናስገባም ሚሉ አሉ።

4. ኤሴዩ (እዚህ ላይ ጊዜ አጥፉ)

ያው ሁሉም ልጅ "ከትንሽነቴ ጀምሮ ሌጎ እወድ ነበር፣ አለምን መቀየር እፈልጋለሁ" ብሎ ነው ሚጀምረው። አንባቢው በቀን 50 ፅሁፍ ነው ሚያነበው፣ ሌጎው ያዞረዋል።

ምን ልፃፍ ታዲያ? ያልሰራልህን ነገር ፃፍ። ቤት ውስጥ ፈታትተህ ደግመህ መግጠም ያቃተህ ነገር የለም? አንድ ብሎን ተርፎህ የት እንደነበረ ያልገባህ? የፃፍሽው ኮድ ሶስት ቀን ሲያስቸግርሽ ቆይቶ አንድ ፊደል ሆኖ የተገኘ? ይሄን ነገር በደረጃ ንገሪያቸው፣ መጀመሪያ ምን መሰለሽ፣ ያንን ለማረጋገጥ ምን አረግሽ፣ ምን ሆነ፣ ከዛ ሃሳብሽን በምን ቀየርሽ። እነሱ ሚፈልጉት ይሄን አካሄድ ነው። ነገሩ መጨረሻ ላይ ባይሰራም ችግር የለውም፣ እንዴት እንዳሰብሽ ካሳየሽ በቂ ነው።

አንድ የማውቀው ልጅ የፃፈው ስለ ቬንትሌተር ነበር። የተሰበረ ቬንትሌተር ልጠግን ብሎ ከፈተው፣ ሞተሩ ተቃጥሏል ብሎ ደመደመ፣ ሌላ ሞተር ፈልጎ ገጠመ፣ አልሰራም፣ ለካ ችግሩ ማብሪያ ማጥፊያው ላይ ሽቦው ተበጥሶ ነው። "ከዛ ቀን በኋላ ከሃይል ምንጩ ነው ምጀምረው፣ ሽቦውን እየተከተልኩ" ብሎ ጨረሰ። ገባ። ምንም ውድድር አላሸነፈም፣ ሮቦቲክስ ክለብም ትምህርት ቤቱ አልነበረውም።

ወላጆች እባካችሁ ኤሴዩን አትፃፉላቸው፣ ኤአይም አይፃፍላቸው። በ45 አመት ሰው ቋንቋ የተፃፈ የ16 አመት ልጅ ፅሁፍ ከሩቁ ያስታውቃል። ሰዋስው አርሙ፣ ቁጥር አጣሩ፣ እጃችሁን አንሱ።

5. ሪኮመንዴሽንና ወረቀቱ

ትልቅ ማእረግ ያለውን ሰው ሳይሆን ሲታገል ያየህን መምህር ጠይቅ። የሂሳብ ወይ የሳይንስ መምህር ይመረጣል። ቢያንስ ሶስት ሳምንት አስቀድመህ፣ ኤሴይህን ረቂቅና ዴድላይኑን ይዘህ ሂድ። ትራንስክሪፕት (የውጤት ወረቀት) ከትምህርት ቤቱ ቢሮ ለማግኘትም ቀናት ሊወስድ ስለሚችል አትዘናጉ።

6. ገንዘቡ

ሶስት አይነት ነው፣ ሙሉ ለሙሉ ነፃ፣ እንደ ቤተሰብ ገቢ ሚቀንስ፣ እና ሙሉ ክፍያ። ከፋይ የሆኑት አሜሪካ ውስጥ በሺዎች ዶላር ሊጠይቁ ይችላሉ። ስኮላርሺፕ መጠየቅ አታፍሩ፣ ብዙዎቹ ጋ የእርዳታ ፎርሙ ከማመልከቻው ጋር አብሮ ካልገባ በኋላ አይታይም፣ ስለዚህ "መጀመሪያ ይግባ ከዛ እንጠይቃለን" አትበሉ። "ነፃ" ሲባልም ትራንስፖርቱ ባብዛኛው በራስ ነው። ዲፖዚት ከመክፈላችሁ በፊት እስከ መቼ ብትተዉት እንደሚመለስ በፅሁፍ ያዙ። ዌይትሊስት (ቦታ ከተገኘ ሚጠሩበት የተጠባባቂ ዝርዝር) ላይ ከገባችሁ ደሞ አንድ አጭር ኢሜይል፣ "አሁንም እፈልጋለሁ፣ ከተጠራሁ እመጣለሁ" ብሎ መፃፍ አይጎዳም፣ በየሳምንቱ መደወል ግን ይጎዳል።

7. ከተቀበሉህ በኋላ ያሉት ሳምንታት

ተቀብለውሃል፣ እንኳን ደስ አለህ። አሁን ካልኩለስ ቀድሜ ልጨርስ ብለህ ራስህን አትግደል። ሶስት ነገር ብቻ ትንሽ ትንሽ ነካካ።

አንደኛ፣ ኮድ። ፓይተን ሚባለው የኮድ ቋንቋ ከሆነ ፉርና ኢፍ ሚባሉት ትእዛዞች፣ አንድ ፈንክሽን መፃፍ፣ ስህተት ሲመጣ ቀዩን ፅሁፍ ማንበብ መቻል። ብዙ ልጅ ቀዩን ፅሁፍ ሲያይ ዘግቶ እንደገና ይከፍተዋል፣ አንብበው እንጂ፣ ስንተኛው መስመር ላይ እንደሆነ እየነገረህ ነው እኮ።

ሁለተኛ፣ ስሪዲ ንድፍ። ቲንከርካድ ነፃ ነው፣ ብሮውዘር ላይ ይሰራል፣ ከሰአት አንድ ቀን ቁጭ ብለህ የስልክ ማቆሚያ ንደፍበት። ከዛ ማስመሪያ አምጥተህ ስልክህን ራሱ ለካ። ሚሊሜትር መልመድ አለብህ፣ ካምፕ ላይ መጀመሪያ ሚበላሸው የልኬት ነገር ነው፣ 10 ሚሊሜትር ቀዳዳ ውስጥ 10 ሚሊሜትር ዘንግ አይገባም፣ ትንሽ ክፍተት ይፈልጋል። ይሄን ፕሪንተሩ ጋ ሁለት ሰአት ከጠበቁ በኋላ ሚያውቁት ልጆች ብዙ ናቸው።

ሶስተኛ፣ ቀላል ሰርኩይት (የኤሌክትሪክ ዑደት)። አንድ ኤልኢዲ አምፖል በ5 ቮልት ማብራት። ቀዩ ኤልኢዲ ራሱ ወደ 2 ቮልት ይወስዳል፣ ቀሪው 3 ቮልት ሬዚስተሩ (ከረንቱን ሚገድበው ትንሽ እቃ) ላይ ነው ሚያርፈው፣ 20 ሚሊአምፒር እንዲያልፍ ካልክ 3 ለ 0.02 ስታካፍል 150 ኦም ይመጣል፣ ሰው ግን ለጥንቃቄ 220 ኦም ያረጋል። ይሄን አንዴ በእጅህ ካሰላኸው የመጀመሪያ ሳምንት ሌክቸር ግማሹ አዲስ አይሆንብህም።

ይሄን ባታረግም ግን ትገባለህ፣ አትጨነቅ፣ ካምፑ ላይ ምንም ሳያውቁ መጥተው መጨረሻ ላይ ከሁሉ የበለጡ አይቻለሁ።

8. ሻንጣው

ካምፑ ዝርዝር ይልካል፣ እሱን ተከተሉ፣ እኔ ዝርዝሩ ላይ ማይኖረውን ልንገራችሁ። ሽፍን ጫማ ሁለት፣ አንዱ ቢረጥብ ሌላው እንዲኖር፣ ነጠላ ጫማ አርገህ ላብ በር ላይ ብትቆም አያስገቡህም። ረጅም ሱሪ፣ በተለይ ጥጥ፣ ምክንያቱም ሶልደሪንግ (ሽቦ በቀለጠ ብረት ማጣበቅ) ሲሰራ ብረቱ እስከ 350 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይሞቃል፣ ጠብታው ናይለን ልብስ ላይ ካረፈ ልብሱ ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ፀጉሩ ረጅም ለሆነ ማሰሪያ። አሜሪካ ዶርም ከሆነ አልጋው ትዊን ኤክስኤል ሚሉት ነው፣ ርዝመቱ 2.03 ሜትር ስለሆነ የቤት አንሶላ ሊያጥረው ይችላል። ሻወር ቤት የጋራ ነው፣ ነጠላ ጫማው እዛ ያገለግላል። ትንሽ ቬንትሌተር፣ አሮጌ ዶርሞች ኤሲ የላቸውም። የጆሮ መድፈኛ፣ ሩምሜት (አብሮህ ክፍል ሚጋራው ልጅ) ያንኮራፋል፣ ወይም አንተ ታንኮራፋለህ። መድሃኒት በራሱ ብልቃጥ፣ ስም ያለበት። እና አንድ ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተር፣ ለምን እንደሆነ ትንሽ ቆይቼ እመጣበታለሁ።

የራስህን ካቻቢቴና ፒንሳ አታምጣ፣ እዛ አለ፣ አውሮፕላን ላይ ደሞ ሻንጣህን ያስከፍቱሃል።

9. የመጀመሪያዎቹ ሶስት ቀናት

የመጀመሪያው ማታ ሁሉም ልጅ ደስ ያለው ይመስላል። ሁለተኛው ማታ ነው ለቅሶው። ካውንስለር ሆኜ በሩን አንኳኩተው "ራሴን አሞኛል" ብለው ሚመጡት ሁለተኛው ማታ ነበር፣ ራስ ምታት አይደለም፣ ቤት ናፍቋቸው ነው። ብዙ ጊዜ በአራተኛው ቀን ይተዋቸዋል፣ ስራ ሲበዛ።

ወላጆች እዚህ ጋ ትልቁን ስራ ትሰራላችሁ፣ ስራው ደሞ አለመደወል ነው። ከመሄዱ በፊት ተስማሙ፣ ለምሳሌ በሳምንት ሁለት ቀን ማታ 2 ሰአት ላይ ብላችሁ። ጠዋት ማታ ሚደወልለት ልጅ ከሩምሜቱ ጋር ወሬ ሚጀምርበትን ሰአት እናንተ ትወስዱበታላችሁ። "ልምጣና ልውሰድህ?" ብላችሁ ደሞ አትጠይቁ፣ በሩ ክፍት እንደሆነ ካወቀ እሱኑ ሲያስብ ነው ሚያድረው። በእርግጥ የደህንነት ነገር ከሆነ፣ ሰው ካስቸገረው፣ ያ ሌላ ነው፣ ወዲያው ለሃላፊው ደውሉ።

ላብ ውስጥ መጀመሪያ ሚሰጠው የደህንነት ትምህርት አሰልቺ ነው፣ ግን ስሙት። ሌዘር መቁረጫ ላይ ፒቪሲ ፕላስቲክ አይገባም፣ ሲቃጠል ክሎሪን ያለበት መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል፣ ማሽኑንም ያዝገዋል። መነፅር ማለት ግንባር ላይ ሚደረግ አይደለም።

ከዛ ባብዛኛው አንድ ትንሽ ውድድር ይሰጣሉ፣ የስፓጌቲ ድልድይ ምናምን። ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ሚያካሂደው የሃይስኩል ኢንጂነሪንግ ፕሮግራም እንደውም ማጠናቀቂያው የስፓጌቲ ድልድይ ውድድር ነው፣ በሱ ነው ሚታወቀው። አንድ ነገር ልንገርህና ሌላውን ራስህ ድረስበት፦ ድልድዩ ውስጥ አንዳንዱ ስፓጌቲ ይሳባል አንዳንዱ ይጨመቃል። ሚሳበው ቀጭን ቢሆን ይችላል። ሚጨመቀው ግን ከመሰበሩ በፊት ይጎብጣል፣ ርዝመቱ እጥፍ ሲሆን ለመጉበጥ ሚበቃው ጭነት ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል፣ ኦይለር ሚባለው የ18ኛው ክፍለ ዘመን የሂሳብ ሊቅ ነው ያሰላው። ስለዚህ ሚጨመቁትን አሳጥራቸው ወይም ብዙ አንድ ላይ አጣብቀህ አወፍራቸው። አንድ ቡድን አይቻለሁ በማጣበቂያ ድልድዩን ሙሉ አጥምቀው ያመጡ፣ ከጭነቱ በፊት በራሱ ክብደት ሊወድቅ ደርሶ ነበር።

10. ፕሮጀክቱ፣ እና የኔ ባለ 9 ቮልት ታሪክ

እኔ በ16 አመቴ የሰራሁት መስመር ተከትላ ምትሄድ ትንሽ መኪና ነበር፣ አርዱይኖ (ኮድ ሚጫንበት ትንሽ ቦርድ)፣ ሁለት ሞተር፣ የሞተር ድራይቨር (ለሞተሮቹ ሃይል ሚያከፋፍል ቦርድ)፣ መስመሩን ሚያነብ ሴንሰር። ጠረጴዛ ላይ በዩኤስቢ ሰክተን ስንሞክራት ሴንሰሩ ያነባል፣ ኮዱ ይሰራል። ዩኤስቢውን ነቅለን ያችን አራት ማእዘን 9 ቮልት ባትሪ ሰክተን መሬት ላይ ስናስቀምጣት አንድ ነቅነቅ ትልና ትቆማለች፣ እንደገና ነቅነቅ፣ ትቆማለች። እኔ ኮዱ ነው አልኩ። ሁለት ቀን ሙሉ ኮድ ቀየርኩ፣ ማታ ላብ እስኪዘጋ። ሶስት ጊዜ ከዜሮ ፃፍኩት። ጓደኛዬ ሴንሰሩ ነው አለ፣ ሴንሰሩን ቀየርን። ካውንስለራችን እያለፈ ያየናል፣ "እህ፣ አስደሳች ነው" ይልና ይሄዳል።

በሶስተኛው ቀን ምሳ ሰልፍ ላይ ከሌላ ቡድን የሆነች ልጅ "ስትቆም የአርዱይኖው መብራት ምን ይሆናል?" ብላ ጠየቀችኝ። አላየሁም። ምሳውን ትቼ ሄጄ አየሁ፣ መብራቱ ይጠፋና ይበራል። ማለትም አርዱይኖው ራሱ እየጠፋ እየተነሳ ነው። ያ ባትሪ ቮልቴጁ 9 ይሁን እንጂ ብዙ ከረንት መስጠት አይችልም፣ ሁለቱ ሞተሮች ሲነሱ ሲስቡት ቮልቴጁ ይወርዳል፣ አርዱይኖው ይሞታል፣ ሞተሮቹ ይቆማሉ፣ ቮልቴጁ ይመለሳል፣ እንደገና ይነሳል። ኮዱ ከመጀመሪያው ጀምሮ ትክክል ነበር። አራት የድንጋይ ባትሪ ለሞተሮቹ ለብቻ ሰጥተን፣ ግራውንዱን (የሁለቱን ሃይል ምንጭ ኔጌቲቭ ሽቦ) አገናኝተን፣ ሄደች።

ካውንስለሩን "ታውቅ ነበር አይደል?" አልኩት። ከመጀመሪያው ቀን እንደሚያውቅ ነገረኝ። ተናድጄ ነበር። አሁን ግን ካምፕ ስትመርጡ የፕሮጀክት ቀን ቁጠሩ ያልኳችሁ በዚህ ነው፣ አራት ቀን ብቻ ቢኖረን ኖሮ ሰውዬው በመጀመሪያው ሰአት ባትሪ ቀይሩ ብሎን ይሄድ ነበር፣ እኔም ዛሬ የሃይል ምንጭ አላይም ነበር።

ከዚህ ሚወጣ አሰራር፦ ያ ደብተር። ገፁን ቁጥር ስጠው፣ በየቀኑ አራት ነገር ፃፍ፣ ምን ሞከርኩ፣ ምን ይሆናል ብዬ ጠበቅኩ፣ ምን ሆነ፣ ነገ ምን። አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይር፣ ኮዱንም ሴንሰሩንም አንድ ላይ ከቀየርክ ሲሰራ በምን እንደሰራ አታውቅም። መልቲሜትር (ቮልቴጅ መለኪያ) መጀመሪያ፣ ኮድ በኋላ። ሞተር ከአርዱይኖ ፒን ላይ በቀጥታ አትሰካ፣ ኡኖ ሚባለው ቦርድ ላይ አንዱ ፒን 20 ሚሊአምፒር አካባቢ ነው ሚመከርለት፣ ሞተር ሲነሳ ከዛ ብዙ እጥፍ ይስባል፣ ቦርዱን ታቃጥለዋለህ። እና የመጀመሪያውን አስቀያሚ ሙከራ ቶሎ ስራው፣ በካርቶንና በፕላስተርም ቢሆን በሁለተኛው ቀን መሬት ላይ ትሂድ። ቆንጆውን ንድፍ እስከ መጨረሻው ሳምንት ሚያስውቡት ቡድኖች ናቸው መጨረሻ ላይ ማይሰራ ቆንጆ ነገር ይዘው ሚቆሙት።

11. ቡድኑ

በየቡድኑ አንድ ኪቦርዱን ማይለቅ ልጅ አለ። ኮድ ያውቃል፣ ይፈጥናል፣ ሌሎቹ ከጀርባው ቆመው ያያሉ። እሱ ሶስት ሳምንት ተምሮ ይሄዳል፣ እነሱ ሶስት ሳምንት የሰው ትከሻ አይተው ይሄዳሉ። ሴት ልጆች ላይ ይሄ በጣም ይደርሳል፣ ፖስተር ስሪ ፅሁፉ ያምርሻል ይሏታል። በመጀመሪያው ቀን ተስማሙ፣ በየ20 ደቂቃው ኪቦርዱ ይዞራል፣ ካቻቢቴውም ይዞራል። አንቺ ከሆንሽ ዝም አትበይ፣ "አሁን የኔ ተራ ነው" ማለት ነውር አይደለም፣ ካልሰሙሽ ለካውንስለሩ ንገሪ፣ ስራው ነው። አንተ ኪቦርድ ያዢው ከሆንክ ደሞ እጅህን ኪስህ ውስጥ ከተህ በቃል ብቻ ለማስረዳት ሞክር፣ ምን ያህል እንዳልገባህ ታየዋለህ።

ኪቦርድ ሳይሆን ሃሳብ ላይ ሲሆን ፀቡ፣ ሁለቱንም በካርቶን ሰርታችሁ ፈትኗቸው። ክርክር ሁለት ሰአት ይፈጃል፣ ካርቶን 30 ደቂቃ።

12. የመጨረሻው ቀን

ፕረዘንቴሽን ላይ ሁሉም ቡድን የሰራውን ብቻ ያሳያል። እናንተ ያልሰራውንም አሳዩ፣ የተሰበረውን ክፍል ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡት፣ ለምን እንደተሰበረ አስረዱ። ሚዳኙት ኢንጂነሮች ጥያቄ ሚጠይቁት እሱን አይተው ነው። ሚሰራውን ነገር ደሞ ቀድማችሁ በቪዲዮ ቅዱት፣ መድረክ ላይ ሲወጣ አልነሳም ማለቱ አይቀርም።

ከመውጣታችሁ በፊት ኮዱንና የንድፍ ፋይሉን ከላብ ኮምፒውተሩ ላይ ወደ ራሳችሁ ቅዱ፣ የካምፑ አካውንት ከተዘጋ በኋላ ማንም አይከፍትላችሁም። የደብተሩን ገፆች ፎቶ አንሱ። ቤት ስትደርሱ መጀመሪያ ተኙ፣ ልጁ ሁለት ቀን ቢተኛ አትደንግጡ። ከዛ በሳምንቱ ውስጥ፣ ትዝታው ሳይቀዘቅዝ፣ አንድ ገፅ ፃፉ፣ ምን ነበር ችግሩ፣ ምን ሞከርን፣ ምን ተበላሸ። የኮሌጅ ማመልከቻ ሲደርስ የሚያስፈልጋችሁ ይሄ ገፅ ነው፣ ያኔ ለማስታወስ ብትሞክሩ "በጣም ደስ ይል ነበር" ብቻ ነው ሚመጣላችሁ።

"ኢንጂነሪንግ አልወደድኩትም" ብሎ ሚመለስ ልጅም አለ። ወላጆች ገንዘቡ ባከነ አትበሉ፣ ኮሌጅ ሁለተኛ አመት ላይ ከማወቅ በሶስት ሳምንት ማወቅ ይረክሳል። ብቻ አንድ ነገር ጠይቁት፣ ያልወደድከው ስራውን ነው ወይስ ቡድኑን? ቡድኑን ከሆነ ሌላ ቦታ እንደገና ይሞክር።

በመጨረሻ ለመምህሩ ወይ ለካውንስለሩ አጭር ኢሜይል። አራት አረፍተ ነገር ይበቃል፦ ማን እንደሆንክ፣ የቱን ፕሮጀክት እንደሰራህ፣ እሱ ያለው አንድ የጠቀመህ ነገር፣ አሁን ቤት ውስጥ ምን እየሰራህ እንደሆነ። እኔ ከሁለት ሰመር ልጆች ያገኘሁት እንደዚህ አይነት ኢሜይል ሶስት ብቻ ነው፣ አንደኛዋ ልጅ ከአመት በኋላ ሪኮመንዴሽን ስትጠይቀኝ ኢሜይሏን ከፍቼ አነበብኩና ወዲያው ቁጭ ብዬ ፃፍኩላት።